የ2022 የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ዋንጫ፦ ኮፉ ወይስ ሂሮሺማ?

የጃፓን የእግር ኳስ ክለቦች የሚወዳደሩበትን ይህን ዋንጫ በ2022 ማን እንዳነሳ ጠይቀሃል፤ ያነሳው ቬንትፎሬት ኮፉ ነው። አንዱ ገጽ ኮፉ፣ ሌላው ሂሮሺማ ያለህ ሁለት ውድድር ስለተቀላቀለ ነው። ሳንፍሬቼ ሂሮሺማ ያሸነፈው ሌላውን የጃፓን ውድድር፣ የሊግ ካፑን ነው፤ ያውም የንጉሠ ነገሥት ዋንጫውን ፍጻሜ በኮፉ በተሸነፈ በስድስተኛው ቀን።

ፍጻሜው ኦክቶበር 16 ዮኮሃማ ላይ 1 ለ 1 አለቀ፤ ኮፉ በመለያ ምት 5 ለ 4 አሸነፈ። ኮፉ እኮ ያኔ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ነበር! በጭማሪው ሰዓት የ42 ዓመቱ የኮፉ ተጫዋች ሂዴኦሚ ያማሞቶ ኳስ በእጁ ነክቶ ለሂሮሺማ ፍጹም ቅጣት ምት አሰጠ፤ የኮፉ በረኛ ካዋታ አዳነው። የመጨረሻዋን መለያ ምት ያስቆጠረው ደግሞ ራሱ ያማሞቶ ነው። እንዲህ ያለ ፍጻሜ በየዓመቱ አይገኝም።

የዋንጫውን አሸናፊዎች ዝርዝር ስትሠራ ግን ዓመቱን ተጠንቀቅ። ፍጻሜው ለረጅም ጊዜ ጃንዋሪ 1 ይደረግ ነበር። የ2016ቱን ዋንጫ ካሺማ አንትለርስ ያነሳው በ2017 የመጀመሪያ ቀን ነው። ብዙ ሰው ሲሳሳት የማየው እዚህ ላይ ነው።