አርች ሊኑክስ ላይ አፕዴት ባደረግኩ ቁጥር ኮንፊግ ለምን ይቀያየራል?

ሰላም ወንድሜ። «አፕዴት ባደረግኩ ቁጥር የሆነ ኮንፊግ (የፕሮግራም ማስተካከያ ፋይል) ይቀየራል፤ አዘጋጆቹ ስለኛ አያስቡም ወይ? ወደ ኡቡንቱ ልመለስ?» ብለሃል። አርችም ኡቡንቱም የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው፤ እኔ አርች ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ፤ የታዘብኩትን ልንገርህ።

ንዴቱ የቆየ ነው። ድሮ አርሲ ኮንፍ የምትባል አንዲት ፋይል ነበረች። የማሽኑ ስም፣ ኔትወርኩ፣ ሲነሳ ከጀርባ የሚጀምሩት ሰርቪሶች፣ ሁሉም እዚያ ይጻፍ ነበር። ብዙ ሰው አርችን የወደደው በእሷ ነው። በኦክቶበር 2012 ሲስተምዲ (ማሽኑ ሲነሳ ሰርቪሶችን የሚያስጀምረው ፕሮግራም) ለአዲስ ተጠቃሚ መደበኛው ሆነ፤ የእሷም ሥራ ለትናንሽ ፋይሎች ተከፋፈለ። ያኔ የተቆጡትን አልፈርድባቸውም። ለምደህ በቃልህ የያዝከው ነገር ሲወሰድብህ ያበሳጫል። ግን አዘጋጆቹም በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አሮጌውንና አዲሱን ሥርዓት ጎን ለጎን ተሸክመው እንዲኖሩ መጠበቅ ይከብዳል።

በሌላ በኩል ደግሞ በአፕሪል 2024 አንድ ፕሮግራም ሊይዝ የሚችለው የሜሞሪ ክፍልፋይ ገደብ ከ65,530 ወደ 1,048,576 ከፍ ብሏል። የዊንዶውስ ጌም በሊኑክስ የሚጫወቱ ሰዎች ተገላገሉ። የተቆጣ ሰው አላየሁም። በጁን 2025 ግን የፈርምዌር ፓኬጁ (ሃርድዌሩ እንዲሠራ የሚያስፈልጉትን ፋይሎች የያዘው) ሲከፋፈል አፕዴቱ በፋይል ግጭት ቆመ። መፍትሔው ሁለት ትእዛዝ ብቻ ነበር፤ አሮጌውን አውጥቶ እንደገና መጫን። ጩኸቱ ግን ሌላ! ለውጥ ብቻውን ሰው አያናድድም። የሚያናድደው ሥራ ይዘህ ሳለ «ና አስተካክል» ሲልህ ነው።

እኔም የምጋራው ቅሬታ አለ። ሁለቱም ትእዛዞች በአርች የዜና ገጽ ላይ ተጽፈው ነበር፤ የአርች ፕሮግራም መጫኛና ማደሻ የሆነው ፓክማን ግን ዜናውን አያሳይህም። ራስህ ሄደህ ማንበብ አለብህ። እኔ ኢንፎርማንት የሚባለውን ከኤዩአር (ተጠቃሚዎች ራሳቸው ከሚያዘጋጁት የፓኬጅ ማከማቻ) ጭኛለሁ፤ ያልተነበበ ዜና ካለ አፕዴቱን ያስቆመዋል።

«ኮንፊጌን ይቀይርብኛል» ያልከው ላይ ግን አልስማማም። በእጅህ ያስተካከልከውን የኮንፊግ ፋይል ፓክማን አብዛኛውን ጊዜ አይደመስስም። አዲሱን ቅጂ ፓክኒው በሚል ቅጥያ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። የሚተካው ያልነካኸውን ነው። ችግሩ ፓክኒዎቹን ሳናይ ሲጠራቀሙ ነው፤ አሮጌው ኮንፊግ ከአዲሱ ፕሮግራም ጋር አይግባባም። ፓክዲፍ የሚባለው ትእዛዝ ልዩነቱን ያሳይሃል፤ ከትልቅ አፕዴት በኋላ አሂደው።

ሌላው የኛው ሀገር ጣጣ ነው፤ ዳታ። ብር ለመቆጠብ ወራት ሳናድስ እንቆያለን። ከዚያ የስድስት ወር ለውጥ በአንድ ሌሊት ይወርድብናል። ይባስ ብሎ የፓኬጆቹን ዝርዝር ብቻ አድሶ አንዲት ፓኬጅ ብቻ የሚጭን አለ። ይህ አርች የማይደግፈው ነገር ነው፤ አዲሱ ፕሮግራም አዲስ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) ይፈልጋል፣ አንተ ጋ ያለው አሮጌው ነው። እኔ ብዙ ፕሮግራም አልጭንም፤ የሚወርደውም ያንሳል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስሄድ ሙሉውን አድሳለሁ።

ኡቡንቱን በተመለከተ፣ ማሽኑ የእንጀራህ ከሆነና ዜና ማንበቢያ ጊዜ ከሌለህ ሂድ፣ ምንም ነውር የለውም። ኤልቲኤስ የሚባለው ስሪት ለ5 ዓመት የደህንነት አፕዴት ያገኛል። ከዚያ በፊት ግን አሁን ያስቸገረህ የትኛው ፋይል እንደሆነና ተርሚናሉ የጻፈልህን እዚሁ ለጥፍልን፤ እናየዋለን።