ላይብረሪው «አላውቅም» አይልም

ልጆቼ፣ ሰሞኑን አንዱ የማስ ስፔክትሮሜትር (ሞለኪውልን ሰብሮ በስብርባሪዎቹ ክብደት የሚለይ ማሽን) ውጤቱን ላከልኝ። ላይብረሪው፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የታወቁ ንጥረ ነገሮች መዝገብ፣ የሰጠው ስልሳ ምናምን ስም ተደርድሯል። ሳየው ሳቄ መጣ። የሳቅሁት ግን በራሴ ነው።

እኔም እንደዚሁ ነበርኩ። ከደብረ ማርቆስ፣ ከእናቴ ጓሮ ጤና አዳም ቆርጬ አዲስ አበባ ይዤ ሄድኩ። ቅጠሉን በትንሽ ጠርሙስ ዘግቼ አሞቅሁ፣ ከላይ የተጠራቀመውን ሽታ ወደ ማሽኑ ሰደድኩ፣ ኮምፒውተሩ ግራፉ ላይ ለወጣው ለየፒኩ (ለየጉብታው) ስም ሰጠኝ፣ እኔም ሳላንገራግር ሁሉንም ገልብጬ ሰንጠረዥ ሠራሁና ደረቴን ነፍቼ ለአለቃዬ አቀረብኩ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ብላንኩስ?» አሉኝ።

ብላንክ፣ ማለትም ቅጠል የሌለበትን ጠርሙስ ልኬት፣ አልሠራሁም። ባዶውን ጠርሙስ እንደዚያው አሙቄ ብለካው ከፒኮቼ ብዙዎቹ እዚያም ቁጭ ብለዋል። በክብደት 207 እና 281 ላይ ጎልተው የሚወጡት የሲሊኮን ስብርባሪዎች ናቸው። ከኮለሙ (ሽታዎቹ እየተለያዩ ከሚያልፉበት ቀጭን ቱቦ) ሽፋን፣ ከክዳኑ ጎማ ይመጣሉ። «አንተ፣ ጎጃም ውስጥ ጤና አዳም ሲሊኮን ታበቅላለች እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ላይብረሪው የሚሠራው ቀላል ነው። የእናንተን ስፔክትረም (የስብርባሪዎቹን ክብደት ዝርዝር) ካለው ጋር ያመሳስልና የሚቀርበውን ስም ይሰጣል። ባይኖረውም ይሰጣል። ከ1,000 ውስጥ 900 ነጥብ ሲያሳይ ልባችሁ ዘሎ አይሂድ። አልፋ ፓይኒን፣ ሳቢኒንና ብዙዎቹ ዘመዶቻቸው ክብደታቸው 136 ነው፣ ትልቁ ፒካቸውም 93 ላይ ነው። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ በመልክ ብቻ አይለዩም።

ጤና አዳምም ያው ናት። ከሚታወቁት ሽታዎቿ ውስጥ 2-ኖናኖንና 2-አንዴካኖን አሉ። ሁለቱም 58 ላይ ያበራሉ። የሚለያቸው ያልተሰበረው ሞለኪውል ነው፦ አንዱ 142፣ ሌላው 170። እሱ ደግሞ ትንሽዬ ፒክ ስለሆነ በማሽኑ ጩኸት (በማይረቡት ትናንሽ ምልክቶች) ውስጥ ሲጠፋ ላይብረሪው ይቀላቅላቸዋል። መፍትሔው ከኮለሙ የወጡበትን ሰዓት ማየት ነው። ኦክታን፣ ኖናን፣ ዴካን እያለ፣ በአንድ በአንድ ካርቦን እየረዘመ የሚሄደውን ቅልቅል በዚያው ኮለም፣ በዚያው ሙቀት አሳልፉና መስፈሪያ አድርጉት። 5 በመቶ ፌኒል ባለው የተለመደ ኮለም ላይ 2-አንዴካኖን ከትሪዴካን (ባለ 13 ካርቦኑ) ጥቂት ቀደም ብላ ትወጣለች። የእናንተዋ ዴካን (ባለ 10 ካርቦኑ) አካባቢ ከወጣች፣ ነጥቡ 950 ይሁን ምን ይሁን፣ እሷ አይደለችም።

ፒኩንም ከግራና ከቀኝ ጫፉ ክፈቱት። ስፔክትረሙ ከተቀያየረ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ካንዱ ሥር ተደብቋል።

ኧረ ዋናውን ረሳሁት! ያን ጊዜ ቅጠሉን የወሰድኩት ክዳኑ በላላ ብልቃጥ ነበር፣ ያውም ሚያዝያ ላይ፣ በአውቶቡስ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ መኪናው በሙሉ ጤና አዳም ጤና አዳም ሸተተ። አጠገቤ የነበሩት እናት «ቡና አለ እንዴ?» አሉኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቀለል ቀለል ያሉት ሽታዎች መንገድ ላይ እየቀሩ መሆኑ ትዝ ያለኝ ማሽኑ ፊት ከቆምኩ በኋላ ነው። የጠፋውን ደግሞ የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም። አጥብቃችሁ ዝጉ፣ በበረዶ ያዙ።

ውጤት ስትልኩልኝም ከስም ዝርዝሩ በፊት የብላንኩን ፋይል ላኩልኝ። እሱን ሳላይ ሌላውን አልከፍትም።