ጠዋት የሚወርድ፣ ማታ የሚወጣ ስኳር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ52 ዓመት ሰው ነኝ። የጉበት ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳ) አለብኝ። ስኳሬ ጠዋት 65፣ ከእራት በኋላ 250 ይላል። ከፍ ሲልብኝ የወንድሜን የስኳር ኪኒን፣ ግሊቤንክላማይድ፣ እውጣለሁ። ጉበቴ አለቀለት ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። እነዚህ ቁጥሮች ብቻቸውን ጉበትዎ አበቃለት አያሰኙም። ሲሮሲስ ባለበት ሰው ስኳር እንዲህ መዋዠቁ የተለመደ ነው።

ጉበት የስኳር ጎተራ ነው። ስንበላ ኢንሱሊን «አስገባ» ይለዋል፤ ሆዳችን ባዶ ሲሆን ግሉካጎን የሚባለው ሆርሞን «አውጣ» ይለዋል። ጠባሳ የያዘ ጉበት ለኢንሱሊን እሺ አይልም፤ ስለዚህ ከእራት በኋላ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ሌሊት ግሉካጎን ሲመጣ ደግሞ የሚወጣው ክምችት ትንሽ ነው።

ኪኒኑን ግን ዛሬውኑ ይተዉት! በሰው መድኃኒት ራስን ማከም ምን የሚሉት ነገር ነው? ግሊቤንክላማይድ ቆሽትዎን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያስገድደዋል። ኪኒኑ የሚሰባበረው ጉበት ውስጥ ነው። ጉበት ሲታመም እዚያው ሰውነት ውስጥ ይቆይና ሌሊቱን ሙሉ ስኳርዎን ያወርዳል። ለዚያ 65 ጉበትዎን ብቻ አልወቅስም።

ቤተሰብዎም ይህን ያንብብ። ሌሊት ላብ ካጠመቅዎት፣ ከቀባጠሩ ወይም ምላስዎ ከተሳሰረ «ያው ጉበቱ ነው» ተብሎ አይታለፍ። መጀመሪያ ጣት ተወግቶ ስኳሩ ይታይ። ፕሮፕራኖሎል የሚባለውን የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የእጅ መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ላይታወቅዎት ይችላል፤ ላቡ ግን አይቀርም። ከ70 በታች ከሆነና በደንብ መዋጥ ከቻሉ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ራስዎን ከሳቱ አፍዎ ውስጥ ምንም አይጨመር፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱዎት። የግሉካጎን መርፌ አለ ብለው አይዘናጉ። ጎተራው ባዶ ከሆነ ምን ያወጣል? የሚያስፈልግዎ በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስ ነው። ስኳሩ ተስተካክሎም ግራ መጋባቱ ካልለቀቀዎት፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱዎት።

አይዞዎት፣ ይህ የሚያዝ ነገር ነው። ከመተኛትዎ በፊት ቀለል ያለ ነገር ይቅመሱ፤ ረጅም ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ለእርስዎ አይሆንም። የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ በሲሮሲስ ታማሚ ላይ ዝቅ ብሎ ሊያታልል ስለሚችል፣ የጠዋትና የማታ ልኬትዎን ጽፈው በዚህ ሳምንት ሐኪምዎ ዘንድ ይቅረቡ። የወንድምዎን ኪኒን ነገርም እንዳይደብቁት።