ስለ ጉበት እንክብል የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ከጉበት፣ ከልብ፣ ከኩላሊትና ከጣፊያ ስለሚሠሩ እንክብሎች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፤ እንክብል አልሸጥም። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ እንክብሉ ውስጥ ያለው እውነት ጉበት ነው?

በአግባቡ ከተሠራ አዎ። ጥሬው ጉበት በረዶ እስኪሆን ይቀዘቅዛል፣ ውሃው እንዲተን ይደረጋል፣ የቀረው ይፈጫል። ጉበት 70 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ስለዚህ 3 ግራም ዱቄት ማለት 10 ግራም ያህል ጥሬ ጉበት ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ። ግማሽ ግራም የሚይዙ 6 እንክብሎች ዋጥን ማለት፣ አንድ ጉርሻ የማይሞላ ጉበት በላን ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ደም ማነስ አለብኝ። የብረት ክኒን ሆዴን ስለሚያመኝ በዚህ ብተካውስ?

እህቴ፣ እባክሽ አትተኪው። በ10 ግራም የከብት ጉበት ውስጥ ያለው ብረት ግማሽ ሚሊግራም ገደማ ነው። የወር አበባ የምታይ ሴት ደግሞ በቀን 18 ሚሊግራም ያስፈልጋታል። ደም ማነስ ካለ ከዚያም በላይ ነው የሚታዘዘው። ክኒኑ ካልተስማማሽ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ዓይነቱን መቀየር ወይም አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ይቻላል። ደሙ ለምን እንዳነሰ መታወቅም አለበት። የሚደማ ቁስል ሆድ ውስጥ ተደብቆ ሳለ ሰው እንክብል ሲቆጥር ወራት ሲያልፉ ማየት ያሳዝነኛል።

“ግን ጉበት ደም ማነስን ይፈውሳል ይባል የለ?” ያላችሁኝ አላችሁ። ትክክል ነው፣ ታሪክ አለው። ጆርጅ ዊፕል፣ ጆርጅ ማይኖትና ዊሊያም መርፊ እ.ኤ.አ. በ1934 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በጉበት ሕክምና ነው። ያኔ ግን ታማሚዎቹ በየቀኑ ከ100 ግራም በላይ ጉበት ይበሉ ነበር። በአንድ ገዳይ የደም ማነስ ዓይነት ይሞቱ የነበሩ ሰዎች ተረፉ። ያተረፋቸው ቫይታሚን ቢ12 መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው፤ በ1948 ከጉበት ለብቻው ተለይቶ ወጣ። ዛሬ ያ በሽታ በመርፌ ወይም በክኒን ይታከማል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምንም ጥቅም የለውም?

አለው እንጂ! እዚያችው 10 ግራም ውስጥ 6 ማይክሮግራም ያህል ቢ12 አለ፤ ለአዋቂ 2.4 ይበቃል። የቀኑን መዳብ ትሸፍናለች። ቫይታሚን ኤ ደግሞ ወደ 500 ማይክሮግራም ትሰጣለች፤ የቀን ፍላጎታችን ከ700 እስከ 900 ነው። ሥጋ ለማይበላ ወይም ምግቡ ለተዛባበት ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ። “ከተፈጥሮ የተገኘ ስለሆነ አይጎዳም” ብለውኝ ጀምሬዋለሁ።

አቁሚው፣ ግን አትደንግጪ። በጉበት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ ሬቲኖል የሚባለው ዓይነት ነው። ሲበዛ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት፣ የፅንሱን አፈጣጠር ሊያዛባ ይችላል። የአዋቂ ጣሪያው በቀን 3,000 ማይክሮግራም ነው። የእርግዝና ቫይታሚንሽም ሬቲኖል ሊኖረው ይችላል፤ ሁለቱ ይደመራሉ። የብሪታኒያ የጤና አገልግሎት ነፍሰ ጡሮች ጉበትንም ከጉበት የተሠራ ነገርንም እንዲተዉ ይመክራል። ብልቃጡን ይዘሽ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ፣ ስንት እንደወሰድሽ አብራችሁ አስሉት። በጥቂት ቀን ጥቂት እንክብል ጣሪያውን ላታልፊ ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ ለውጥ ስላላየሁ መጠኑን ሦስት እጥፍ ላደርገው ነው።

ወንድሜ፣ ተው። ቫይታሚን ኤ እንደ ቫይታሚን ሲ በሽንት አይወጣም፤ ጉበትህ ውስጥ ይጠራቀማል። ለወራት ሲበዛ ራስ ምታት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የፀጉር መርገፍ፣ የአጥንት ሕመም፣ ብሎም የጉበት ጉዳት ያመጣል። ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የምትወስዱ ደግሞ አንድም እንክብል አትጨምሩበት፤ መድኃኒቱ ራሱ የቫይታሚን ኤ ዘመድ ነው።

ጥያቄ፦ ልብ ለልብ፣ አንጎል ለአንጎል ይረዳል ይላሉ።

ሆድ ልብንም ጉበትንም እኩል ነው የሚፈጨው። የበላነው ልብ ተመርጦ ወደ ልባችን አይሄድም። የአንጎሉን ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር፤ አትግዙት። የእብድ ላም በሽታን የሚያመጣው ፕሪዮን የሚከማቸው አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ነው። ማብሰልም ማድረቅም አያጠፋውም።

የታይሮይድና የአድሬናል (ከኩላሊት በላይ ያለች ሆርሞን አመንጪ) ዕጢ እንክብሎችም ያሳስቡኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት 12 የአድሬናል ማሟያዎች ተመርምረው በሁሉም ውስጥ የታይሮይድ ሆርሞን ተገኝቷል። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ውስጥ ስቴሮይድም ነበር። “ኃይል ሰጠኝ” የሚል ሰው ሳያውቀው ሆርሞን እየዋጠ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ጉበት መርዝ የሚጠራቀምበት አይደል?

ጉበት መርዝን ይሰብራል እንጂ መጋዘን አይደለም። ከባድ ብረቶች ግን ይቀሩበታል፤ ካድሚየም በተለይ ኩላሊት ውስጥ። ስለዚህ ከባድ ብረትና ባክቴሪያ በገለልተኛ ቤተ ሙከራ የተመረመረበትን፣ ውጤቱንም የሚያሳይ አምራች ምረጡ። ባክቴሪያው ቀላል ነገር አይደለም፤ በቅዝቃዜ ማድረቅ አይገድለውም። አሜሪካ ውስጥ ማሟያዎች ከመሸጣቸው በፊት የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። ብልቃጥ ላይ የተጻፈ ሁሉ ተጣርቷል ብላችሁ አትመኑ።

ጥያቄ፦ ሪህ አለብኝ።

ይቅርብዎ። የሆድ ዕቃ ሥጋ ዩሪክ አሲድ ያበዛል። ሰውነታቸው ብረት የሚያከማች ሰዎችና የዊልሰን በሽታ (መዳብ በሰውነት ውስጥ የሚጠራቀምበት ሕመም) ያለባቸውም ይተዉት።

ጥያቄ፦ ጉበቱን ራሱን ብበላ አይሻልም?

ነፍሰ ጡር ካልሆንሽ፣ ከላይ ያልኳቸው ሕመሞችም ከሌሉብሽ፣ ጣዕሙንም ከወደድሽው፣ እኔ ብሆን እሱን ነው የምመርጠው። በደንብ ይብሰል፣ በሳምንት ከአንድ ቀን አይለፍ። 85 ግራም የተጠበሰ የከብት ጉበት ብቻውን ከ6,000 ማይክሮግራም በላይ ቫይታሚን ኤ አለው። በዚያ ሳምንት እንክብሉን ተዪው።