ጅሬን ስትወጡ ይሉኝታን ከታች ትታችሁ ውጡ

ብዙ ዓመት በውጭ አገር ኖሬ ከተመለስሁ ወዲህ ጅማ ላይ ነው የምኖረው። ክረምት በገባና የበዓል ሰሞን በመጣ ቁጥር ከአሜሪካም ከአውሮፓም የሚመጡ ዘመዶቼንና የእነርሱን ወዳጆች ጅሬን ተራራ ላይ ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይዤ እወጣለሁ። በእነዚህ ጉዞዎች ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ፦ ከዲያስፖራው ኪስ ያለ አግባብ ገንዘብ የሚያስወጣው ከሻጩ ብልጠት ይልቅ የእኛው ይሉኝታና ችኮላ ነው። ዋጋ መጠየቅ የሚያሳፍር ይመስለናል፤ «ከውጭ መጥቶ በሃምሳ ብር ይከራከራል» እንዳንባል እንሰጋለን፤ ከዚያም ማታ ሆቴል ገብተን ሒሳቡን ስናሰላ እንናደዳለን። ጅማ ግን የገበያ አገር ናት። ሂርማታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሩቅ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ታላቅ ገበያ ነበረ፤ ዛሬም በዚህ ከተማ ዋጋ ማስቀነስ እንደ ንቀት አይቆጠርም፤ ወግ ነው።

ከመጓጓዣው እንጀምር። ቤተ መንግሥቱ ከመሀል ከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ስለሚገኝ አብዛኛው ሰው ባጃጅ በኮንትራት ይይዛል። ከመሳፈራችሁ በፊት «መሄጃና መመለሻ፣ እዚያ የምትጠብቀንን ጊዜ ጨምሮ ስንት ነው?» ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሱት። መሄጃውን ብቻ ተነጋግሮ የወጣ ሰው ሲመለስ ከላይ ሌላ ባጃጅ ላያገኝ ስለሚችል የተጠየቀውን ለመክፈል ይገደዳል። ዋጋውን አስቀድማችሁ ከሆቴላችሁ ሠራተኛ ብትጠይቁ ደግሞ የተሻለ ነው።

በሩ ላይ ስትደርሱ ራሱን አስጎብኚ ብሎ የሚያቀርብ ሰው ሊቀበላችሁ ይችላል። እውነተኛ አስጎብኚ መታወቂያውን ሲጠየቅ አይከፋውም፤ የመግቢያ ገንዘብም በእጁ አይቀበልም፣ ትኬት ወደሚቆረጥበት ይመራችኋል። ገንዘብ ለከፈላችሁበት ነገር ሁሉ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ለቤቱ ጥገና እንደማይውል አስቡት። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያላችሁም ይዛችሁት ሂዱና በየትኛው ተመን እንደምትከፍሉ ትኬት ቆራጩን በትሕትና ጠይቁ። ሌላው መታወቅ ያለበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ይገለገሉባቸው የነበሩ ዕቃዎች ከተማው ውስጥ ባለው የጅማ ሙዚየም የሚታዩ መሆናቸው ነው። ጅሬን ላይ ያለው የእንጨት ሕንጻው፣ ሰገነቱና መስጊዱ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው «የንጉሡን ዕቃ ለብቻህ ላሳይህ» በሚል ቃል በቀላሉ ይሳባል።

አሁን ብዙ ወደሚያስከፍለው ነገር፣ ወደ በርጩማው ልምጣ። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዋንዛ የሚሠራ፣ ማንም ሰው ወደ ቤቱ ይዞት ቢሄድ የሚኮራበት ሥራ ነው። እኔም በውጭ ስኖር ለዕረፍት በመጣሁበት አንድ ዓመት፣ «ከቤተ መንግሥት የወጣ፣ መቶ ዓመት ያለፈው» የተባለ በርጩማ የተጠየቅሁትን ከፍዬ ወሰድሁ። ማሞቂያ ባለበት ቤት ሁለት ወር ሳይቆይ ከመቀመጫው መሀል እስከ አንደኛው እግሩ ድረስ ተሰነጠቀ። ስንጥቁን በብርሃን ሳየው ውስጡ ገና ነጣ ያለ፣ እርጥበቱ ያልወጣለት አዲስ እንጨት ነበረ፤ ጥቁረቱ የጫማ ቀለም ነበረ።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጡት። የእንጨቱ መስመር ከመቀመጫው ሳይቋረጥ ወደ እግሩ የሚወርድ ከሆነ ከአንድ ግንድ የወጣ ነው፤ እግሩ ሲጋጠም መስመሩ ይቋረጣል፣ ሙጫውም በጣት ይሻክራል። እርጥብ መሐረብ ወስዳችሁ ከታች በኩል እሹት፤ ቀለም ከለቀቀ ዕድሜው የተቀባ ነው። በመጠኑ ከሚጠበቀው በላይ ከከበደ እንጨቱ አልደረቀም ማለት ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ከቤተ መንግሥቱ በር ላይ ሻጮች ሳይሆን እንጨት የሚፈለፍሉ ሰዎች ከሚሠሩበት ስፍራ ሄዶ፣ የደረቀውን አስመርጦ፣ አዲስ መሆኑን እያወቁ መግዛት ነው።

ሻጩ እውነቱን ቢሆንስ? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። «የንጉሡ ነው» የተባለው በርጩማ ውሸት ከሆነ ተታላችኋል፤ እውነት ከሆነ ደግሞ የሕዝብ ንብረት ይዛችሁ ለመውጣት ተስማምታችኋል፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሊያዝባችሁም ይችላል። በሁለቱም መንገድ የሚገዛ ነገር አይደለም፤ ይህን በምሬት የምለው የአባ ጅፋር ቤት ዕቃ እየተበተነ እንዲያልቅ ስለማልፈልግ ነው።

ቡናውንም በዚሁ ዓይን እዩት። በአጋሮ በኩል በጎማ ወረዳ የምትገኘው ጮጬ የቡና መነሻ ናት ተብሎ ይተረካል፤ ከፋዎችም መነሻው እኛ ዘንድ ነው ይላሉ። በዚህ ታሪክ ስም «ከመጀመሪያው ዛፍ የተለቀመ» ተብሎ በትንሽ ከረጢት በውድ የሚቀርብላችሁን ተዉትና ከጅማው መርካቶ ገበያ ጥሬውን በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ፍሬው እኩል የሆነውንና ሻጋታ የማይሸተውን መርጣችሁ ግዙ። ስለ ማር አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ መርጋቱ ስኳር ለመቀላቀሉ ምልክት አይደለምና የረጋውን አትናቁት።

እምቢ ስትሉም በግልጽ በሉ። «ሂን ባርባዱ፣ ገላቶማ»፣ ማለትም «አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ»፣ ብሎ ፈገግ ማለት ይበቃል፤ ታላላቆችን «ኦቦ» እና «አዴ» ብሎ መጥራትም ልብ ያራራል። ይሉኝታ ይዟችሁ «ስመለስ እገዛለሁ» አትበሉ። አንድ እንግዳዬ ጠዋት በቤተ መንግሥቱ በር በርጩማ ለሚሸጥ ልጅ ይህን ብሎ ገባና ረሳው። ከሰዓት በኋላ በካፊያ ስንወጣ ልጁ በርጩማውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በላስቲክ ሸፍኖት፣ ያን ሁሉ ሰዓት ተቀምጦ አገኘነው፤ «ጋሼ፣ ለሌላ ሰው አልሸጥሁትም» አለው።