ከጀርመን የመጣው ውል ለብሉ ካርድ ይበቃል?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የምኖር የ34 ዓመት ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። አንድ የጀርመን የግንባታ ድርጅት በኅዳር 2018 ዓ.ም. የሥራ ውል ልኮልኛል፤ ቋሚ ደመወዜ በዓመት 44,500 ዩሮ፣ በሥራ አፈጻጸም የሚወሰነው ጉርሻ ደግሞ እስከ 4,000 ዩሮ ነው። ማመልከቻዬን ገና አላስገባሁም። አንድ ደላላ «ሁለቱ ተደምሮ ይበቃል፤ ካርዱን እኔ አስወጣልዎታለሁ» እያለ ገንዘብ ይጠይቀኛል። ባለቤቴንና ልጄንም ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ ለደላላው ምንም ገንዘብ እንዳይከፍሉ አጥብቀን እንመክርዎታለን። ብሉ ካርድ በእርስዎ ዲግሪና በአሠሪዎ ውል ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ እንጂ በሰው በኩል የሚወጣ ነገር አይደለም፤ የቪዛው ማመልከቻ ክፍያም 75 ዩሮ ብቻ ነው።

ደላላው በስሌቱም ተሳስቷል። ለብሉ ካርድ የሚቆጠረው በውሉ ላይ በእርግጠኝነት እንደሚከፈል የተጻፈው፣ ግብር ያልተቀነሰለት ደመወዝ ነው፤ «እስከ» የሚል ቃል ያለበት ጉርሻ አይደመርም። ዝቅተኛው የደመወዝ ልክ በየዓመቱ በፈረንጆች ጥር ይለወጣል። መሐንዲሶችን ጨምሮ የባለሙያ እጥረት ላለባቸው ሙያዎች በፈረንጆች 2025 የነበረው ልክ 43,759.80 ዩሮ ስለነበር፣ ውልዎ በተላከበት ወቅት ደመወዝዎ ይበቃ ነበር። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ልኩ 45,934.20 ዩሮ ሆኗል፤ የእርስዎ ውል በ1,434.20 ዩሮ ይጎድላል ማለት ነው። ለሌሎች ሙያዎች ልኩ 50,700 ዩሮ ነው።

ይህ ጉድለት ሊሞላ የሚችል ስለሆነ ተስፋ አይቁረጡ። ለአሠሪዎ ይጻፉና ከጉርሻው 1,500 ዩሮ ወደ ቋሚው ደመወዝ እንዲዛወርልዎ ይጠይቁ፤ ድርጅቱ ካሰበው አጠቃላይ ወጪ ሳያልፍ ደመወዝዎ 46,000 ዩሮ ይሆናል። አሠሪው ባይስማማ እንኳ ዲግሪ ላላቸው ባለሙያዎች የሚሰጥ ሌላ የሥራ መኖሪያ ፈቃድ አለ። በእርስዎ ዕድሜ ላለ አመልካች ይህ ፈቃድ የተወሰነ የደመወዝ ወለል የለውም፤ ሆኖም የፌዴራሉ የሥራ ኤጀንሲ ክፍያዎና የሥራ ሁኔታዎ ከጀርመናውያን ባልደረቦችዎ ያላነሰ መሆኑን ያጣራል።

ከደመወዙ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው የዲግሪው ጉዳይ ነው። «አናቢን» በተባለው የጀርመን መረጃ ቋት ውስጥ የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ «ኤች ፕላስ» የሚል፣ እውቅና ያለው መሆኑን የሚያሳይ ምልክት እንዳለው፣ የዲግሪዎ ዓይነትም ከጀርመኑ ጋር አቻ ተብሎ እንደተመዘገበ ያረጋግጡና ገጹን አትመው ከማመልከቻዎ ጋር ያያይዙ። ዲግሪዎ በቋቱ ውስጥ ከሌለ የውጭ አገር ትምህርትን ከሚመዝነው ማዕከላዊ ቢሮ የአቻነት መግለጫ ማውጣት ይኖርብዎታል፤ ይህን ከቪዛው ቀጠሮ በፊት ይጀምሩት።

የብሉ ካርድ ባለቤት የትዳር ጓደኛ ጀርመንኛ ማወቋን ማስመስከር አይጠበቅባትም፤ እዚያ እንደደረሰችም ሥራ መያዝ ትችላለች። እርስዎ ግን ቋንቋውን ከአሁኑ ቢጀምሩ ይጠቀማሉ፤ የጡረታ መዋጮዎን እየከፈሉ በብሉ ካርድ ሲሠሩ፣ ቢ1 የተባለው መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ ከደረሱ በ21 ወር፣ የጀማሪው ደረጃ ኤ1 ብቻ ካለዎት ደግሞ በ27 ወር ቋሚ መኖሪያ መጠየቅ ይችላሉና። በመጀመሪያው ዓመት አሠሪ ከቀየሩ ለውጭ ዜጎች ቢሮ ማሳወቅ አለብዎት። አሁን ያሉበትን ሥራ ቪዛው በፓስፖርትዎ ላይ ሳይለጠፍ አይልቀቁ።