ፊደሉ ሳይጠፋ ጽሑፍ ማስጌጥ

ሰሞኑን ከባሕር ዳር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ወርድና ፓወር ፖይንት ላይ ጽሑፍን ስለማሳመር። አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ፋሲሎ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የሠርግ ወቅት ሲደርስ የጥሪ ካርድ የሚያሠራው ሁሉ «ርዕሱ ይድመቅ፣ ይብለጭለጭ» ይለኛል። እኔም ወርድ አርት (የወርድ ጽሑፍ ማስጌጫ) ገብቼ ጥላውንም ብርሃኑንም ጠርዙንም እደራርብበታለሁ። ስክሪን ላይ ያምራል፤ ሲታተም ግን ይጨማለቃል። አንዲት እናት «የጋብቻ» የሚለውን አይተው «ይኼ ቻ ነው ታ?» ብለው ካርዱን መለሱልኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እኚያ እናት ልክ ናቸው። ጥፋቱ የማተሚያሽም የቀለምሽም አይደለም። የእኛ ፊደል ድምፁን የሚሸከመው በጣም ትንሽ በሆነ ነገር ነው፦ በእግር፣ በቀለበት፣ ከላይ ባለች ሰረዝ። «ታ»ን «ቻ» የሚያደርጋት ያቺ አናቷ ላይ ያለችው ጭረት ናት። «ነ» እና «ኘ»፣ «ሰ» እና «ሸ» እንደዚሁ። «ቤ»ን ደግሞ ጠጋ ብለሽ እያት፤ እግሯ ላይ ያለችው ቀለበት ውስጧ ከተደፈነ «ቢ» ትመስላለች። «ቤተሰብ» ብለሽ ጽፈሽ «ቢተሰብ» ተብሎ ይነበባል ማለት ነው።

ስለዚህ ማስጌጫ ስትመርጪ መጀመሪያ የምትጠይቂው አንድ ነገር ነው፦ ይኼ ነገር ቀለበቷን ይደፍናል ወይስ አይደፍንም?

አውትላይን ይደፍናል። መስመሩ የሚሰመረው በፊደሉ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ግማሹ ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቀጭን ፊደል ላይ ወፈር ያለ መስመር ካደረግሽ የፊደሉን ሥጋ ራሱን ይበላዋል። ግሎው፣ በፊደሉ ዙሪያ የሚጨመረው ብርሃን፣ ከሱ ይብሳል። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት መጠኖች 5፣ 8፣ 11 እና 18 ነጥብ ናቸው፤ ካርድ ላይ በሚገባ ትንሽ ርዕስ 18ቱን ስትጭኚበት ብርሃኑ ከፊደሉ ጋር እኩል ሊወፍር ምንም አይቀረው፣ በዚያ ላይ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ግራጫ ጭጋግ ይሆናል። ሪፍሌክሽንም ለካርድ አይሆንም፤ የተገለበጠው ጥላ ከሥሩ ካለው መስመር ጋር ይጋጫል።

የሚያዋጣሽ ሻዶው፣ ማለትም ጥላው ነው። እሱም ብቻውን፣ ርዕሱ ላይ ብቻ። ብለሩን (የጥላውን መደብዘዝ) ወደ 3 ወይም 4 ነጥብ አውርጂው፣ ርቀቱንም አሳንሺው። የፊደሉ መጠን ከ24 ካነሰ ጭራሽ አትጠቀሚው።

«እና ምኑ ደመቀ ታዲያ?» ለሚልሽ ደንበኛ መልሱ እዚሁ ጣና ላይ አለ። የደሴቶቹ ገዳማት የብራና መጻሕፍት ውበታቸውን የዓለም ሰው ያደንቀዋል። ጸሐፊዎቹ ግን ፊደሉን አላጣመሙትም፣ ጥላም አላለበሱትም። የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንን፣ የቅዱሳኑን ስም በቀይ ቀለም ጻፉ። የምዕራፉ መግቢያ ላይ ሐረግ ሣሉ፤ ያ የተጠላለፈው ባለቀለም ጌጥ ከፊደሉ በላይና በዳር ነው የሚቆመው። ጌጡ ሌላ ቦታ፣ ፊደሉ ንጹሕ። አንቺም የሙሽሮቹን ስም በጥልቅ ቀይ አድርጊው፣ ሐረግ የመሰለ ጌጥ በምስል መልክ ከላይ አስገቢ። ከወርድ አርት ሁሉ ይበልጣል፣ እኔ በበኩሌ ምንም አልጠራጠርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት የራሱ ቦልድ (ወፍራም ፊደል) የለውም። «B» የሚለውን ምልክት ስትጫኚ ፕሮግራሙ ራሱ በግምት ነው የሚያወፍረው፣ ያኔም ቀለበቷ ትደፈናለች። ወፍራም ፊደል ከፈለግሽ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በነፃ አውርጂ፤ ወፍራሙ ለብቻው ተስሎ የተዘጋጀ ነው። ኢታሊክም እንዲሁ ለእኛ ፊደል የተሠራ ሳይሆን በግድ ማጋደል ነው፤ ተዪው። ከማተምሽ በፊት ደግሞ አንድ ካርድ በትክክለኛ መጠኑ አውጥተሽ ለአንድ ትልቅ ሰው አስነብቢ።

ጥያቄ፦ ፔዳ ግቢ ተማሪ ነኝ። ለዲፌንስ ባዘጋጀሁት ፓወር ፖይንት የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጣናን ጀንበር መጥለቂያ ፎቶ አድርጌ ርዕሱን ላዩ ላይ ጻፍኩ። ላፕቶፔ ላይ ይታያል፣ ፕሮጀክተር ላይ ግን ፊደሉ ከፎቶው ጋር ይቀላቀላል። ግሎው ጨመርኩበት፣ ባሰበት።

መልስ፦ ግሎውን አጥፋው ወንድሜ። ጽሑፉን ምረጥ፣ ሼፕ ፎርማት ላይ የወርድ አርት ስታይሎቹን ዝርዝር ክፈትና ከታች ያለውን ክሊር ወርድ አርት ተጫን፤ ሁሉም በአንዴ ይወርዳል። ከዚያ ኢንሰርት ብለህ አራት ማዕዘን ቅርጽ አስገባ፣ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ሙላው፣ ትራንስፓረንሲውን (ከኋላው ያለውን የማሳየት መጠኑን) ከ30 እስከ 40 በመቶ አድርገህ ከጽሑፉ ኋላ ላከው። ፎቶው በሥሩ ይታያል፣ ነጩ ጽሑፍም ጉልህ ብሎ ይወጣል። የባሕር ዳር ከሰዓት ፀሐይ መጋረጃ በሌለው አዳራሽ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ታውቀዋለህ፤ የፕሮጀክተር ብርሃን ሲዳከም መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭንና ደብዛዛ ነገር ነው፣ ለስላሳ ጥላና ብርሃን ደግሞ ደብዛዛ ነው።

የውስጥ ገጾቹ ላይ ምንም ማስጌጫ አታድርግ። ፊደል በፊደል እየበረረ የሚገባውንም አኒሜሽን አንሣው፤ ፈታኞችህ ርዕስህን ለማንበብ ተራ መጠበቅ የለባቸውም።

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ ላይ ቴክስት ኢፌክትስ የሚለው ምልክት ደብዝዞ አልጫን ይላል። ሌላ ፋይል ላይ ግን ይሠራል።

መልስ፦ ፋይሉ አሮጌ ነው። በዶክ (.doc) የተቀመጠ፣ ማለትም በ97–2003 ዓይነት የቆየ ቅጽ ነው የምትጠቀሙት። ከላይ ርዕሱ ላይ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» ይላችኋል፣ እዩት። አንድ ቅጂ አስቀምጡና ፋይል፣ ኢንፎ፣ ኮንቨርት በሉት። አሰላለፉ ትንሽ ሊንሸራተት ስለሚችል አንዴ ቃኙት። ለደብዳቤ ግን ጌጡ ባይኖር እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ቱሪስት ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ በጀልባ እናመላልሳለን። ለበራሪ ወረቀታችን ርዕሱ እንደ ጣና ማዕበል እንዲወዛወዝ ወይም እንደ ቅስት እንዲጎብጥ ፈልጌ ነበር። ሆም ላይ ባለው ምልክት ብፈልግ ማጉበጫው የለም። ልጄ የሠራችውን ደግሞ ማተሚያ ቤት ስወስደው ፊደሉ ወደ እንግሊዝኛ ተለወጠ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ሆም ላይ ያለው ትራንስፎርም (ማጉበጫው) የለውም። መጀመሪያ ኢንሰርት፣ ወርድ አርት ብለው ጽሑፉን በሳጥን ያስገቡ። ሳጥኑን ሲጫኑ ሼፕ ፎርማት ይመጣል፤ እዚያ ቴክስት ኢፌክትስ፣ ከዚያ ትራንስፎርም። ቅስቱ «ፎሎው ፓዝ» ከሚለው ሥር ነው። ትንሿን ቢጫ ነጥብ ሲጎትቱ ጉብጠቱ ይለወጣል።

ቅስቱን ግን ለስለስ ያድርጉት። ፊደላት ወደ ላይ ሲጎብጡ አናታቸው ይራራቃል፣ እግራቸው ይቀራረባል። የእኛ ሣልስና ኃምስ ደግሞ ምልክታቸው እግራቸው ላይ ነው፤ «ኪዳነ ምሕረት» ብለው በጣም ቢያጎብጡት የ«ኪ» እግር «ዳ»ን ይረግጣል። ሳጥኑን ወደ ጎን ያስፉት፣ ይስተካከላል። ማዕበሉን በተመለከተ፣ ፊደሉን አያወዛውዙት። ርዕሱን ቀጥ አድርገው ይጻፉና ከሥሩ በሰማያዊ የማዕበል መስመር ይሣሉበት። ጣናም ይታያል፣ ስሙም ይነበባል።

የፊደሉ መለወጥ ምክንያቱ ፎንቱ ነው። የቆዩት የግዕዝ ፎንቶች ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ስላልሆኑ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆነው ይወጣሉ። ልጅዎ በዩኒኮድ ፎንት እንደገና ትጻፈው፤ ኒያላም፣ ኢብሪማም፣ አቢሲኒካም ይሆናል። ለማተሚያ ቤት ወርዱን ሳይሆን ፒዲኤፍ አድርጋ ትስጥ። በቴሌግራም የምትልክ ከሆነም በፎቶ ሳይሆን በፋይል ትላከው፣ በፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይወርዳል።